ከኩርሙክ ወርቅ እስከ ፕሮቶን ልብ

ፒዮን የተባለው ቅንጣት እንዴት እንደ ተገኘና ከፕሮቶን ጋራ ያለው ግንኙነት እንዴት እንደ ተለካ የሚገልጽ አጭር ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሆነው በዚህ መጽሔት ላይ አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ስለ ኩርሙክ ወርቅ እንድጽፍ መከሩኝ። ምክሩ መልካም ነበረ። ነገር ግን በዚያው ሳምንት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ፕሮቶንን በዓይኑ ያየው ሰው ከሌለ ኃይሉንና ስፋቱን እንዴት ለኩት?» ብሎ ጠየቀ። መምህራችንም «ይህን ለመመለስ የሃምሳ ዓመት ታሪክ መናገር ያስፈልጋል፤ ደወሉ ደግሞ ሊደወል ነው» አሉና አለፉት። እኔም ያን ታሪክ ለማወቅ ስል ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ የወርቁ ታሪክና የፕሮቶኑ ታሪክ በአንድ ስፍራ የሚገናኙ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድነት እነሆ አቅርቤአለሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

የወርቁ ነገር

ኩርሙክ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ላይ ያለች፣ ሙቀቷ የበረታ ቆላ መሆኗን የማያውቅ የለም። ከወንዞቿ አሸዋ ወርቅ አጥቦ ማውጣት የአባቶቻችንና በተለይም የእናቶቻችን ሥራ ሆኖ ኖሯል። የዚህ ወርቅ ዝና ብዙ ነገሥታትን አስጎምጅቷል። የግብፁ ገዢ ሙሐመድ ዓሊ በ1820 ልጁን እስማኤልን ከጦር ጋራ ወደ ሱዳን የላከው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበረ። ወርቁ አልበቃ ቢለው በ1838 በስተርጅናው ራሱ እስከ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ ነበረ። አገሩ በ1898 በራስ መኰንን አዝማችነት ከዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ጋራ ከተቀላቀለ በኋላ፣ ሼህ ሖጀሌ አልሐሰን ግብሩን በወርቅ ይከፍሉ እንደ ነበረ ታሪክ ይመሰክራል። በ1902 በእንግሊዝና በኢትዮጵያ መካከል በተደረገው ውል መሠረት ወሰኑ ሲከለል ደግሞ ኩርሙክ የሁለት መንግሥታት ጎረቤት ሆነች።

እንግዲህ ሁሉም ወርቁን ፈለገው። ማንም ግን ወርቅ በውስጡ ምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ይህን የጠየቁት በሩቅ አገር፣ በእንግሊዝ በማንችስተር ከተማ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

ፕሮፌሰር ኧርነስት ራዘርፎርድ በኒውዚላንድ ገጠር የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበረ። በ1909 ሁለቱ ረዳቶቹ፣ ሐንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን፣ ከራዲየም ወገን ከሆነ ነገር የሚወጡትን የአልፋ ቅንጣቶች እጅግ በሳሳ የወርቅ ቅጠል ላይ ይለቁ ጀመር። ወርቅን የመረጡት ስለ ውድነቱ አይደለም። ሲቀጠቀጥ ከማዕድን ሁሉ ይልቅ እየሳሳ ስለሚሄድ ነው። ቅንጣቶቹ አብዛኞቹ ምንም እንዳላገኛቸው በወርቁ ውስጥ አልፈው ሄዱ። ከብዙ ሺህ አንዱ ግን እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነጥሮ ወደ ኋላ ተመለሰ። ራዘርፎርድ ነገሩን ሁለት ዓመት ያህል ካሰላሰለ በኋላ በ1911 የአቶም ክብደት ሁሉ ማለት ይቻላል በመካከሉ ባለ አንዲት ጥቃቅን አስኳል ውስጥ ተከማችቶ እንደሚገኝ ገለጠ። በኋላም የአስኳሉ ክፍሎች ታወቁ፤ ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ያለው ፕሮቶን በራዘርፎርድ በ1919፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ኒውትሮን በጀምስ ቻድዊክ በ1932 ተገለጡ። ዛሬ በአንዲት የወርቅ አስኳል ውስጥ 79 ፕሮቶኖችና 118 ኒውትሮኖች እንዳሉ እናውቃለን።

ከዚህ ሙከራ የተገኘው ትልቁ ትምህርት የመለኪያው ዘዴ ነው። ይኸውም በዓይን የማይታየውን ነገር ለማወቅ ሌላ ትንሽ ነገር ወርውረህ፣ ስንቱ እንዳለፈና ስንቱ በየት በኩል እንደ ተበተነ ቁጠር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው።

የዩካዋ አሳብ

አንድ ከባድ ጥያቄ ግን ቀረ። ፖዚቲቭ ከፖዚቲቭ እንደሚገፋፋ በክፍል ተምረናል። እንዲህ ከሆነ በወርቅ አስኳል ውስጥ የታጎሩት 79 ፕሮቶኖች ለምን አይበታተኑም? ስለዚህ ከኤሌክትሪክ የበለጠ፣ ነገር ግን እጅግ በአጭር ርቀት ብቻ የሚሠራ ኃይል መኖር አለበት።

ለዚህ መልስ ያሰበው ሒዴኪ ዩካዋ የተባለ የጃፓን ወጣት ነው። በ1935 ባሳተመው ጽሑፉ፣ ኃይሉን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያመላልስ አንድ ያልታወቀ ቅንጣት አለ አለ፤ ከኃይሉ ርቀት ማጠር ተነሥቶም የቅንጣቱ ክብደት የኤሌክትሮንን 200 እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሰላ። ይህን ሲጽፍ ገና 30 ዓመት አልሞላውም፤ ከአገሩም ወጥቶ አልተማረም። ቅንጣቱም በኋላ ፒ ሜሶን፣ በአጭሩ ፒዮን ተባለ።

በአስመራ ሰማይ ሥር

አሁን ወደ እኛ አካባቢ የሚያቀርበን ነገር ይመጣል። ከሕዋ ወደ ምድር የሚዘንቡ ጨረሮች እንዳሉ ቪክቶር ሔስ የተባለ የኦስትሪያ ሰው በ1912 በባሉን ወደ ላይ ወጥቶ አረጋግጦ ነበረ። ጨረሮቹ ምን ዓይነት እንደ ሆኑ ግን አከራካሪ ነበረ። ብሩኖ ሮሲ የተባለ ወጣት የኢጣልያ ሊቅ፣ ጨረሮቹ ኤሌክትሪክ ያላቸው ከሆኑ የምድር ማግኔት ስለሚያጐብጣቸው ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡት እኩል አይሆኑም ሲል በ1930 ገልጦ ነበረ። ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው በምድር ማግኔት መቀነት አቅራቢያ፣ በከፍታ ስፍራ ነው። ለዚህም ከአስመራ የተሻለ አላገኘም። አስመራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን ያን ጊዜ በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች፤ ዛሬ የኤርትራ ዋና ከተማ ናት።

ሮሲ ከጓደኛው ከሰርጂዮ ደ ቤነዴቲ ጋራ በ1933 ወደ አስመራ መጣ። የጋይገር መቁጠሪያዎችን በመስመር ደርድሮ፣ አንድ ቅንጣት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሲያልፍ ብቻ እንዲቆጥሩ አደረገ። ከዚያም መሣሪያውን አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ እያዘነበለ ቆጠረ። ከምዕራብ የሚመጡት በግልጽ በዙ። ከዚህም የተነሣ ከሕዋ የሚመጡት አብዛኞቹ ፖዚቲቭ ኤሌክትሪክ ያላቸው መሆናቸው ታወቀ። በዚያው ዓመት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በሜክሲኮ የተደረገ የአሜሪካኖች ሙከራም ይህንኑ ገልጦ ነበረ። ሮሲ በአስመራ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ ተራርቀው የተቀመጡ መቁጠሪያዎች በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ ደጋግመው ባንድ ጊዜ ይመቱ ነበር። ይህ ዛሬ የቅንጣት ዝናብ የሚባለው ነው።

ሮሲ ያን ጊዜ ያላወቀው፣ እኛ ግን ዛሬ የምናውቀው ነገር አለ። ከሕዋ የሚመጣ ፕሮቶን ከአየር አስኳል ጋራ ሲጋጭ ፒዮኖች ይፈጠራሉ። እነርሱም ወዲያው ፈርሰው ሙዮን የተባለውን ሌላ ቅንጣት ይተካሉ። እንግዲህ በአስመራ መሣሪያዎቹን ካቋረጡት መካከል ብዙዎቹ በላያችን ባለው ሰማይ ከፒዮኖች የተወለዱ ነበሩ።

ነገር ግን ታሪክ የሳይንስ ብቻ አይደለም። ከዚህ ሙከራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ የሙሶሊኒ ጦር ከዚያው ከኤርትራ ተነሥቶ አገራችንን ወረረ። በ1938 ያው መንግሥት በዘር ላይ የተመሠረተ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ሮሲ አይሁዳዊ በመሆኑ ከማስተማር ሥራው ተባረረና ተሰደደ። ታላቁ ኤንሪኮ ፌርሚም ሚስቱ አይሁዳዊት ስለ ነበረች በዚያው ዓመት ከኢጣልያ ወጥቶ ወደ አሜሪካ ሄደ። በሐምሌ ወር 1940 ደግሞ ከኢትዮጵያ የተነሣው የኢጣልያ ጦር ወሰኑን ተሻግሮ በሱዳን ያለችውን ኩርሙክ ያዘ፤ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዞች አስለቀቋት። ስለዚህ ኩርሙክን ያስጨነቀው መንግሥትና እነዚህን ሊቃውንት ያሳደደው መንግሥት አንድ ነበረ።

ፒዮን ተገኘ

በ1937 የዩካዋን ቅንጣት የሚመስል በሕዋ ጨረር ውስጥ በታየ ጊዜ ብዙዎች ደስ አላቸው። ደስታው ግን ስሕተት ነበረ። በጦርነቱ ዘመን በሮም ውስጥ ኮንቨርሲ፣ ፓንቺኒና ፒቾኒ የተባሉ ሦስት ወጣቶች በጀመሩትና በ1947 ባሳተሙት ሙከራ፣ ያ ቅንጣት አስኳሎችን እምብዛም እንደማይነካ አረጋገጡ። እርሱ ፒዮን ሳይሆን ሙዮን ነበረ።

እውነተኛው የተገኘው በ1947 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሴሲል ፓወል፣ ጁሴፔ ኦኪያሊኒና ገና የ22 ዓመት ወጣት የነበረው ብራዚላዊ ሴዛር ላተስ፣ ልዩ የፎቶግራፍ ፕሌቶችን በፈረንሳይ ተራራ በፒክ ዱ ሚዲ ላይ፣ ቀጥሎም በቦሊቪያ ከ5,000 ሜትር በላይ በሆነው በቻካልታያ ላይ አስቀመጡ። ቻካልታያ ከራታችን ከራስ ደጀን እንኳ የሚበልጥ ከፍታ ነው። ፕሌቶቹ ታጥበው በማይክሮስኮፕ ሲታዩ፣ አንድ ቅንጣት ሄዶ ሲቆምና ከቆመበት ሌላ ቅንጣት ሲወጣ የሚያሳይ መስመር ተገኘ። ፒዮን ወደ ሙዮን ሲለወጥ ታየ ማለት ነው። ዩካዋ በ1949፣ ፓወል በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚህ ስፍራ አንዲት ሴት ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ቢባ ቾውዱሪ የተባለች የሕንድ ወጣት፣ ከመምህሯ ከዴቤንድራ ሞሃን ቦስ ጋራ፣ ከብሪስቶሎች ጥቂት ዓመታት አስቀድማ በዳርጂሊንግ ተራሮች ላይ ፕሌት አስቀምጣ ተመሳሳይ መስመሮችን አይታ ነበረ። ነገር ግን ጦርነቱ የተሻሉትን ፕሌቶች እንዳታገኝ ከለከላት። ባላት ደካማ ፕሌትም ነገሩን እስከ መጨረሻው ማረጋገጥ አልቻለችም። ዕውቀት አልጐደላትም፣ ትጋትም አልጐደላትም። የጐደላት ዕቃ ነበረ። እኛም በወሰን አገር የምንማር ልጆች ይህን ታሪክ ስናነብ ልባችን ይነካል።

የፌርሚ ሥራ በቺካጎ

በ1948 ላተስና ዩጂን ጋርድነር በበርክሌይ በማፍጠኛ መሣሪያ ፒዮንን በሰው እጅ እንደ ተሠራ አሳዩ። ከዚህ በኋላ ሰማይን መጠበቅ ቀረ፤ ፒዮንን እንደ ፈለጉ እየሠሩ በፕሮቶን ላይ መወርወር ተቻለ። ይህም የራዘርፎርድ ዘዴ ሁለተኛ ልደት ነው።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አዲሱ ሲንክሮሳይክሎትሮን በ1951 ሥራ ሲጀምር ፌርሚ ከኸርበርት አንደርሰንና ከወጣት ጓደኞቻቸው ጋራ ልካውን ጀመሩ። ለፕሮቶን ዒላማነት የመረጡት ፈሳሽ ሃይድሮጅን ነው፤ የሃይድሮጅን አስኳል አንድ ፕሮቶን ብቻ ነውና። ሃይድሮጅን ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ መቀዝቀዝ አለበት። ፒዮኖቹ ወደ ዒላማው ሲገቡ ይቆጠራሉ፤ ሳይበተኑ የወጡትም ይቆጠራሉ። ጎደሎው ሲሰላ ፕሮቶን ለፒዮን ምን ያህል ሰፊ ሆኖ እንደሚታየው ይታወቃል። ታላቁ ፌርሚ በገዛ እጁ የሠራት አንዲት ትንሽ ጋሪ በማግኔቱ ውስጥ እየዞረች ፒዮን የሚመነጭበትን ስፍራ ታቀያይር እንደ ነበረ ይነገራል። ይህም ትልቅ ሊቅ ከመሥራት እንደማያፍር ያስተምረናል።

በ1952 የታተመው ውጤት ሰዎችን አስገረመ። የፒዮኑ ጉልበት ከፍ ባለ ቁጥር የፕሮቶን ስፋት እጅግ በፍጥነት እያደገ ሄደ። ሦስቱ የመበተን ዓይነቶችም እንደ 9፣ 2 እና 1 ተመዛዘኑ። ይህን የሚያስረዳው ፒዮንና ፕሮቶን ለቅጽበት ተዋሕደው አንድ አዲስ ነገር የሚሆኑ መሆናቸው ነው። እርሱም ዛሬ ዴልታ የሚባለው ሲሆን ጉልበቱ 1,232 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ፕሮቶን ነጠላ ጠጣር ፍሬ አለመሆኑን፣ በውስጡም ሌላ ነገር መኖሩን የጠቆመው የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበረ። ፌርሚ የዚህን ምርምር ፍሬ ሁሉ ሳያይ በ1954 በ53 ዓመቱ ሞተ።

በዝቅተኛ ጉልበት ስለ መለካት

አንባቢ ምናልባት ጉልበቱ ሲበዛ ምርምሩ ይከብዳል ብሎ ያስብ ይሆናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዝግ ያለ ፒዮንን መለካት ከፈጣኑ ይልቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ፒዮን ዕድሜው አጭር ነው። በአማካይ የሚኖረው ከአንድ ሴኮንድ መቶ ሚሊዮን እጅ 2.6 ያህሉን ብቻ ነው። 30 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፒዮን በአማካይ 5.4 ሜትር ያህል ተጉዞ ይፈርሳል። ስለዚህ ከ100 ፒዮኖች 10 ሜትር የሚደርሱት 16 ያህል ናቸው። ሁለተኛ፣ ዝግ ያለ ፒዮን በሚያልፍበት ዕቃ ሁሉ ጉልበቱን ይጥላል። ሦስተኛ፣ በኤሌክትሪክ መገፋፋትና መሳሳብ የሚመጣው መበተን ከጠንካራው ኃይል ጋራ ይደባለቃል። ስለዚህ ፖዚቲቩንና ኔጋቲቩን ፒዮን እያፈራረቁ መለካት ግድ ይሆናል።

በዚህ ላይ ፒዮኑ በመንገድ ሲፈርስ የሚተካው ሙዮን ከፒዮኑ ጋራ ተቀላቅሎ ይመጣል። ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ አለችኝ። ወርቅ ስታጥብ ቀላሉ አሸዋ በውኃው ቶሎ ይሄዳል፤ ጥቁሩ አሸዋ ግን ከባድ ስለ ሆነ ከወርቁ ጋራ እስከ መጨረሻው በገበታው ላይ ይቀራል። ስቸኩልባት «ጥቁሩን የቸኮለ ወርቁንም ይደፋል» ትለኝ ነበር። ሙዮንም ክብደቱ ለፒዮን ስለሚቀርብ የቅንጣቶች ጥቁር አሸዋ ነው። ሊቃውንቱ የሚለዩት እያንዳንዱ የተወሰነ መንገድ ለመጨረስ የሚፈጅበትን ጊዜ እየለኩ ነው፤ አንዱን ለሌላው የቆጠረ ሰው መልሱ ሁሉ ይበላሽበታል።

ለዚህ ሥራ ሲባል ፒዮንን በብዛት የሚያመርቱ ሦስት ትላልቅ ቦታዎች ተሠሩ። እነርሱም በአሜሪካ ሎስ አላሞስ በ1972፣ በካናዳ ቫንኩቨርና በስዊዘርላንድ ፊሊገን በ1974 ሥራ የጀመሩት ናቸው። በዚያም ዘመን አንዱ ቡድን የለካው ከሌላው አልስማማ ብሎ ብዙ ክርክር ተነሣ፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ አምናለሁ ካለው የስሕተት ወሰን ይበልጥ ነበረ። ሊቃውንቱ ግን አንዱ ሌላውን ሐሰተኛ ብሎ ከመስደብ ይልቅ ልካውን እንደገና ደገሙት።

በፊሊገን ደግሞ እጅግ ብልሃት ያለበት ሌላ መንገድ ተገኘ። ኔጋቲቭ ፒዮን በሃይድሮጅን ውስጥ ሲቆም የኤሌክትሮኑን ስፍራ ይዞ በፕሮቶን ዙሪያ ይዞራል፤ ወደ ታችኛው ደረጃ ሲወርድም ኤክስ ሬይ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ቢኖር የዚያ ኤክስ ሬይ ጉልበት 2,879 ኤሌክትሮን ቮልት በሆነ ነበር። የተለካው ግን 2,886 ያህል ሆነ። እነዚህ 7 ኤሌክትሮን ቮልቶች የጠንካራው ኃይል የእጅ ምልክት ናቸው።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል። በ1966 ስቲቨን ዋይንበርግ ፒዮን ጉልበቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ከፕሮቶን ጋራ ያለው ግንኙነት ምን ያህል እንደሚሆን በስሌት ተናግሮ ነበረ። ልካው ትንቢቱ ወደ እውነት የቀረበ መሆኑን አሳየ። ከዚህም ልካ ተነሥተው፣ ከፕሮቶን 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ክብደት ውስጥ ከቀላሎቹ ኳርኮች ክብደት የሚመጣው ስንቱ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። መልሱ ጥቂት እንደ ሆነ ይታወቃል፤ በትክክል ስንት ነው በሚለው ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። የቀረው ክብደት ኳርኮቹን ካሰረው ኃይል የሚመጣ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ክብደት፣ የአንድ ግራም የኩርሙክ ወርቅም ክብደት፣ በአብዛኛው በዚህ ኃይል የተሠራ ነው።

ለእኛ የሚቀረው

ይህን ታሪክ ስጨርስ ሁለት ስሜቶች ተሰሙኝ። አንደኛው ቁጭት ነው። ወርቃችንን ሌሎች ፈለጉት፤ የአካባቢያችንን ሰማይ ሌሎች ለኩት፤ በዝርዝሩ ውስጥ ግን የእኛ ሰው ስም የለም። ሁለተኛው ተስፋ ነው። ዩካዋ በአገሩ ተምሮ ዓለምን አስተማረ። ላተስ ከብራዚል መጣ። ራዘርፎርድ የገጠር ልጅ ነበረ። በአዲስ አበባም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አባ ፒየር ጉዌን በ1950ዎቹ መጨረሻ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሲያቋቁሙ፣ የምድር ማግኔት መቀነት በአገራችን ላይ ማለፉ እንደ ሀብት ተቆጥሮ ነበረ። በእኛም ክልል ዛሬ በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ። እንግዲህ በር የለም ማለት አንችልም።

ለትምህርት ቤታችን በሚመጡት ዓመታት የምመኝለት ትልቅ ማሽን አይደለም። ሮሲ በአስመራ የተጠቀመባቸውን የመሰሉ ሁለት ወይም ሦስት መቁጠሪያዎች ቢኖሩን፣ እኛም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ እያዘነበልን በኩርሙክ ሰማይ ሥር ልንቆጥር እንችላለን። እስከዚያው ድረስ፣ ጓደኞቼ ሆይ፣ መዳፋችሁን ወደ ሰማይ ዘርጉ። በየሴኮንዱ አንድ ያህል ሙዮን በመዳፋችሁ ያልፋል። አብዛኛውም በላያችን ከፈረሰ ፒዮን የተወለደ ነው። ወርቁ ለሚያጥብ እንጂ ለሚያልፍ መንገደኛ አይታይም፤ ይህም እንዲሁ ነው።